ሳስካቱን በታህሳስ የምትሄጂው እህት፣ ትኬቱን ሳትቆርጪ ይህን አንብቢ

«የካናዳ ቪዛ ወጥቶልኛል፣ በታህሳስ ወንድሜ ጋ ሳስካቱን ልሄድ ነው፣ ምን ላዘጋጅ» ላልሽው፣ እኔም እህቴን ልጠይቅ በዛው በብርዱ ወቅት ነው የሄድኩት።

1. ትኬት። በአሜሪካ በኩል የሚያልፍ እንዳትገዢ! በኢትዮጵያ ፓስፖርት እዛ አውሮፕላን ለመቀየር ብቻ እንኳን የአሜሪካ ቪዛ ይጠየቃል፣ የካናዳው አያሳልፍሽም። እኔ የቆረጥኩበት ቢሮ በቺካጎ በኩል ሲሸጡልኝ ትንፍሽ አላሉም። ቦሌ ሻንጣዬ ሚዛን ላይ ወጥቶ ነው ልጅቷ «የአሜሪካ ቪዛሽስ?» ያለችኝ። በማግስቱ ቢሮው ስሄድ ሴትዮዋ ቀና ብላ እንኳን ሳታየኝ «ማጣራት የተጓዥ ግዴታ ነው» ትለኛለች፣ ታዲያ ኮሚሽን የምትበሉት ለምንድነው? ኃላፊው እስኪመጣ ከወንበሩ አልነሳም ብዬ ቁጭ አልኩ፣ በመጨረሻ ቅጣቱን ቆርጠው የቀረውን መለሱልኝ፣ ስንቱ ዝም ብሎ ተበልቶ ይቀራል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቶሮንቶ ድረስ ይወስድሻል፣ ከዛ በአገር ውስጥ በረራ ሳስካቱን። ቶሮንቶ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሻንጣሽን ራስሽ ተቀብለሽ እንደገና ታስረክቢያለሽ፣ ኢሚግሬሽኑም ሰልፍ አለው፣ ስለዚህ በመሀል ሰፋ ያለ ሰዓት ያለውን ምረጪ።

2. ልብስ። ካፖርት ከዚህ አትግዢ፣ ከዜሮ በታች 30 ለሚገባ ብርድ የመርካቶው አይሆንም፣ ወንድምሽ ጃኬትና ቦት ይዞ ኤርፖርት ይጠብቅሽ። እዛ መኪናው ሁሉ ከፊቱ የኤሌክትሪክ ገመድ ተንጠልጥሎበታል፣ ማታ ሶኬት ላይ ሰክተውት ያድራሉ ሞተሩ በብርዱ እንዳይቀዘቅዝ፣ የእህቴ ባል አንድ ቀን ሳይሰካ አድሮ ጠዋት መኪናው አልነሳም ብሎ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ቀሩ። በርበሬና ሽሮ ያዢ፣ ግን ስትገቢ ምግብ ይዣለሁ ብለሽ ተናገሪ፣ ቋንጣውን ግን ተዪው።

3. ሬጅና የምትባለው ከተማ ዘመድ ካለሽ ከሳስካቱን 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ የክልሉ መንግሥት አውቶቡስ በፈረንጆቹ 2017 ተዘግቷል፣ ስለዚህ የሚወስድሽ ሰው ቀድመሽ ያዢ። ሳስካቱን ውስጥ ወንዙ ዳር ሪማይ ሞደርን የሚባል ሙዚየም አለ፣ የፒካሶ ህትመቶች እዛ ሞልተዋል፣ እኔ ግን የወደድኩት ከከተማው ወጣ ብሎ ያለውን ዋኑስኬዊን ነው፣ የነባሮቹ ሕዝቦች ቦታ ነው፣ ጎሾቹን መልሰው አምጥተዋቸዋል፣ በረዶው ላይ ቆመው ታያቸዋለሽ።

ትኬቱን ከመክፈልሽ በፊት መስመሩን እዚህ ጻፊልኝ፣ ስምና ፓስፖርት ቁጥር ሳታሳዪ፣ አይቼ እነግርሻለሁ።