«ሞት ቆጣሪ» ወይስ «መድን አስሊ»? ከአዘዞ ለመጣ ጥያቄ መልስ

ጥያቄው የመጣው ከጎንደር፣ ከአዘዞ ነው። ጠያቂው የእድር ጸሐፊ ነው፣ ቀን ቀን ደግሞ ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ የኢንሹራንስ ቅርንጫፍ ይሰራል። ባጭሩ፣ እድራቸው መዋጮ ይጨመር አይጨመር፣ ደግሞም በስተርጅና የሚገባ ሰው ከወጣቱ እኩል ይክፈል ወይስ መግቢያው ይብዛበት እያለ ሲከራከር እሱ «ይሄን እኮ ኢንሹራንስ ቤት አክቹዋሪ ነው የሚያሰላው» ይላል። «እሱ ደግሞ ምንድን ነው?» ሲሉት መልስ ያጥረዋል፣ ከኋላ አንዱ «ሞት ቆጣሪ ነዋ!» ብሎ ሁሉንም አሳቃቸው። እና «መምህር፣ ይሄ ሰው በአማርኛ ምን ይባላል? ኢንሹራንስ ቤት የሚከፈለው አረቦንና የእድሩ መዋጮስ አንድ ናቸው? ሪስክን አደጋ ልበለው ስጋት? ለቃለ ጉባኤ ስለሆነ ይፍጠኑልኝ» ነው የሚለኝ።

ወንድምዓለም፣ ያ ሰውዬ ቀልዶ ነው እንጂ ከእውነቱ ብዙም አልራቀም። አክቹዋሪ ሞትን ይቆጥራል፣ ግን እገሌ መቼ ይሞታል ብሎ አይደለም፣ እሱን እሱም አያውቀውም ጠንቋይ አይደለማ፣ ከዚህን ያህል ሰው ውስጥ በዚህ እድሜ ስንቱ ይሞታል ብሎ ነው የሚቆጥረው። ደግሞ ሞት ብቻ አይደለም፣ የመኪና ግጭቱንም እሳቱንም በሽታውንም፣ ጡረተኛው ስንት አመት ጡረታ እንደሚበላም ያሰላል፣ ከዛ ያንን ሁሉ ወደ ብር ይለውጠዋል። ዛሬ ከያንዳንዱ ስንት ቢሰበሰብ፣ ወለዱም ታስቦበት፣ ከ20 አመት በኋላ ለሚመጣው ክፍያ ይበቃል ነው ነገሩ። ግማሹ ስታቲስቲክስ፣ ግማሹ ፋይናንስ።

ቃሉን ብትፈታው ግን ስሌት የሚባል ነገር ውስጡ የለም። ላቲኑ አክቱዋሪዩስ መዝገብ ያዥ፣ ጸሐፊ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1762 ለንደን ላይ ኢኩዊተብል የሚባል የህይወት መድን ማህበር ሲቋቋም ኤድዋርድ ሮው ሞርስ የተባለ ሰው የማህበሩ ዋና ሹም አክቹዋሪ ይባል አለ፣ ስሙ በዛው ቀረ። ስለዚህ በቃሉ ፍቺ ከሄድን አክቹዋሪው አንተ ነህ ማለት ነው፣ የእድሩ ጸሐፊ! የማህበሩ ታሪክ ደግሞ ቁርጥ የናንተን ክርክር ነው። ከሱ በፊት እ.ኤ.አ. በ1706 የተመሰረተ አሚካብል የሚባል ማህበር ነበረ፣ ወጣቱም ጎልማሳውም እኩል የሚያዋጣበት፣ ግን ከ45 አመት በላይ የሆነውን አላስገባም ይላል። ጄምስ ዶድሰን የሚባል የሂሳብ መምህር ልግባ ቢል አርጅተሃል ተባለ፣ እሱም ሁሉም እንደ እድሜው ቢከፍል እኮ ሽማግሌው የማይገባበት ምክንያት የለም ብሎ ቁጭ ብሎ ስሌቱን ሰራ። ኢኩዊተብል የቆመው በሱ ሃሳብ ነው፣ እሱ ግን ሳያየው እ.ኤ.አ. በ1757 ሞተ። እናንተ ቤት «መግቢያው ይብዛበት» ያሉት ሰዎች ይሄን ታሪክ ቢሰሙ ደስ ይላቸዋል።

ወደ አማርኛው ልምጣ። «የሒሳብ ባለሙያ» አትበለው፣ ሰው የሚገባው ደብተር የሚዘጋው አካውንታንት ነው። «ገማች»ም አይሆንም፣ ገማች እኮ ስራ አለው፣ ባንክ ለብድር ቤት የሚያስገምተው፣ የተጋጨ መኪና ቆሞ አይቶ ይሄን ያህል ጉዳት ደርሶበታል የሚለው ሰው ነው፣ እሱ የሚያየው አንድ ቤት አንድ መኪና ነው፣ አክቹዋሪ የሚያየው ደግሞ የብዙ ሺህ ሰው መዝገብ ነው። «ተማኝ» ወይም «ተመን አውጪ» ይሻላል፣ ግን ተመን ማውጣት ከስራው አንዱ ክፍል ነው እንጂ ሙሉው አይደለም፣ ኩባንያው ለወደፊት ክፍያ ስንት ብር ይዞ መቆየት እንዳለበት የሚወስነውም እሱ ነውና። እኔ የምወደው «መድን አስሊ» የሚለውን ነው። አሰላ፣ ማስላት፣ ስሌት፣ አስሊ፣ ቤተሰቡ ሁሉ የታወቀ ነው፣ ካልኩሌተሩንም ማስሊያ እንለው የለ። በጽሁፍ ረዘም ይበል ካልክ «የመድን ስሌት ባለሙያ»። በወሬ መሃል ግን አክቹዋሪ ብትል ማንም አይከስህም፣ ኦዲተርን ስንቀበል ማን ጮኸ።

ጎንደር ሆኖ ይሄን መዝለል ደግሞ ነውር ነው፣ በግእዝ ሐሰበ ማለት ቆጠረ፣ አሰላ ነው። ባሕረ ሐሳብም አጽዋማትና በዓላት የሚወጡበት የቁጥር ባህር እንጂ የመብሰልሰል ባህር አይደለም። ስለዚህ አንድ የአብነት ተማሪ «ሐሳቢ» ይባል ቢለኝ ግእዙ ልክ ነው እለዋለሁ። ችግሩ ዛሬ «የመድን ሐሳቢ» ብትል ሰው የሚመስለው ስለ መድን እየተጨነቀ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው።

አረቦንን ብዙ ሰው ከአዋጅ የመጣ አዲስ ቃል ይመስለዋል፣ አይደለም፣ የጥንት ቃል ነው፣ እብራይስጡም ግሪኩም ግእዙም አላቸው። ዘፍጥረት ምዕራፍ 38 ላይ ይሁዳ ለትዕማር የፍየሉን ጠቦት እስኪልክላት ማህተሙንና በትሩን ሲያስይዝ፣ እብራይስጡ ያንን ኤራቦን ነው የሚለው። ጳውሎስም ሁለተኛ ቆሮንቶስ ላይ የመንፈሱን መያዣ ሲል ግሪኩ ላይ ያለው ይሄው ቃል ነው። እንግዲህ ያኔ ትርጉሙ መያዣ ነበር፣ ቀብድ በለው፣ ዋናው ሲመጣ የሚመለስ ወይ የሚታሰብ። ዛሬ ኢንሹራንስ ቤት አረቦን የሚባለው ግን አደጋ ካልደረሰብህ ሄደ ነው፣ አይመለስም፣ አመቱን ሙሉ ስጋትህን ተሸክሜልሃለሁ ይልሃል። ደንበኛ «አረቦኔን መልሱልኝ» ብሎ ሲቆጣ በድሮው ትርጉም ከሄድን እውነቱን ነው እኮ፣ እስቲ አስረዱት።

መዋጮ ሌላ ነው። መዋጮ ሁሉም በአንድ ልክ የሚያወጣው ነው፣ ሲጎድል የሚጨመር፣ ባለቤቱም ማህበርተኛው ራሱ። አረቦን ደግሞ ለያንዳንዱ እንደ ስጋቱ ተሰልቶ በውል የሚቆረጥ ነው፣ ለ25 አመት ጎረምሳና ለ60 አመት ሰው አንድ አይሆንም። ከደሞዝህ የሚቆረጠው 7 በመቶና አሰሪህ የሚጨምርበት 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ የሚባለው ለዚህ ይመስለኛል፣ ወጣቱም ሽማግሌውም መቶኛው አንድ ነዋ። ስለዚህ እድራችሁ ሽማግሌው ላይ መግቢያው ይብዛ ብሎ ከወሰነ፣ ስሙ መዋጮ ቢሆንም ጠባዩ ወደ አረቦን እየሄደ ነው ማለት ነው፣ እኔ ግን በቃለ ጉባኤ ላይ አረቦን ብለህ አትጻፍ፣ እድርተኛው ይደነግጣል።

በነገራችን ላይ «መድን ገዛሁ» የሚለው አነጋገር ቢቀር ደስ ይለኛል። እኛ እድር እንገባለን፣ እቁብ እንገባለን፣ ማህበር እንገባለን፣ መድንም እንገባለን። ባለ ባጃጁ እንኳን ትራፊክ ሲያስቆመው የሚጠየቀው «ሶስተኛ ወገን ገብተሃል?» ተብሎ ነው፣ ገዝተሃል አይባልም። በጡረታ ደግሞ እንወጣለን። ጡረታ ራሱ ከጦረ የመጣ ነው፣ ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ ከሚለው ምርቃት ጋር ዘመድ፣ እና ጧሪው ልጅ የነበረበት ቦታ ላይ ዛሬ ፈንድ ገብቶበታል።

ሳትጠይቀኝ አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ይሄኛው በጣም ያናድደኛል። ዜና ላይ «የሀገሪቱ አማካይ የዕድሜ ጣሪያ ይሄን ያህል ደረሰ» ሲባል ሰምተሃል። ጣሪያ ማለት ከሱ በላይ የሌለ ነው፣ አማካይ ማለት ደግሞ ከላይም ከታችም ያለው፣ ሁለቱ እንዴት ነው አንድ ላይ የሚቆሙት? በስሙ የሚጠራው ጅራታም ኮከብ ያለው ኤድመንድ ሃሌይ እ.ኤ.አ. በ1693 ከብሬስላው ከተማ፣ የዛሬዋ የፖላንድ ቭሮትስዋፍ መሆኗ ነው፣ የልደትና የሞት መዝገብ አስመጥቶ ሰንጠረዥ ሰራ። በሱ ሰንጠረዥ አንድ አመት ከሞላቸው 1,000 ህጻናት ውስጥ 35 አመት የሚደርሱት ግማሽ ያህሉ ናቸው። አሁን ይሄን ይዘህ «የብሬስላው ሰው የዕድሜ ጣሪያ 35 ነበር» ብትል ከተማው ሽማግሌ አልነበረውም ማለት ይሆናል፣ ሰንጠረዡ ውስጥ ግን ከ80 የዘለሉም አሉ። ቁጥሩን የሚያወርደው የልጆች ሞት ነው። ቅዳሜ ገበያ ያሉ አንዲት እማማ በሬዲዮ የዕድሜ ጣሪያ ሲባል ሰምተው «እኔማ ካለፍኩት ቆየሁ፣ በትርፍ ነው ያለሁት» ቢሉ ያንተ ያለህ እንጂ ምን ይባላል፣ ስህተቱ የሳቸው አይደለም። «አማካይ የመኖሪያ ዕድሜ» በለው፣ ወይ ደግሞ «ገና የሚቀረው አማካይ ዕድሜ»፣ ለአስሊዎቹ ስራ የሚቀርበው እንዳውም ሁለተኛው ነው፣ አንድ የ60 አመት ሰው ከዛሬ ጀምሮ በአማካይ ስንት አመት ይኖራል የሚለው። ሰንጠረዡንም «የሞት መጠን ሰንጠረዥ» ብትለው ግልጽ ነው፣ «የሞት ሰንጠረዥ» ብቻ ግን እድር ቤት ውስጥ አታንብበው፣ የሚያማትቡ ይበዛሉ።

አንድ ተማሪ ደግሞ መመረቂያ ጽሁፉ ላይ «የሞት ይሁንታ» ብሎ አይቻለሁ፣ የመሞት ዕድል ለማለት ነው። ይሁንታ እኮ እሺታ ነው፣ ሲነበብ ሞት ፈቃዱን የሰጠ ነው የሚመስለው።

አደጋና ስጋት ላይ ብዙ አልቆይም። አደጋ የደረሰው ወይም የሚደርሰው ነገር ራሱ ነው፣ ስጋት ደግሞ ይደርስ ይሆን የሚለው። አክቹዋሪ የሚያሰላው ስጋትን ነው፣ ካሳ ክፍል ያሉት ልጆች የሚያጣሩት አደጋን። የመንግስት ቢሮ ስም እንኳን «የአደጋ ስጋት ስራ አመራር» ነው፣ ሁለቱን ለይቶ ጎን ለጎን አስቀምጧቸዋል። ስጋት ከሰጋ የመጣ ስለሆነ ፍርሃት ፍርሃት ይላል የሚሉ አሉ፣ ይበል፣ ሰው መድን የሚገባው ሰግቶ አይደል።

መድን ወይስ መድህን ብለህ በግርጌ ጽፈህልኝ ነበር፣ ጤና መድን ካርዱም ላይ ማስታወቂያውም ላይ እየተቀያየረ ስለምታየው። ሥሩ ድኅነ ነው፣ ዳነ። መድኃኒትም መድኃኔዓለምም ከዛው ናቸው። መድኅን በግእዝ አዳኝ ነው፣ አማርኛ ሲነገር ኅዋ ተዋጠችና መድን ሆነ፣ ትርጉሙም ጠበብ ብሎ ዋስ ወደሚለው ሄደ፣ ዋስ መድን ሆነ እንል የለ። ስለዚህ ለኢንሹራንስ መድን በለው፣ መድህንን ለስምና ለጸሎት ተዋት። ስህተት ነው አልልም፣ አንድ ወረቀት ላይ ሁለቱን አትቀላቅል ብቻ።

ለቃለ ጉባኤው እንዲህ ብትለው ይበቃል፦ «የመዋጮውን መጠን ከአባላት ዕድሜ ጋር አገናዝቦ ስጋቱን የሚያሰላልን አንድ የመድን ስሌት ባለሙያ፣ በተለምዶ አክቹዋሪ የሚባለው፣ እንዲጠየቅ ተወስኗል።» አክቹዋሪን በ«ቹ» እና በ«ዋ» ጻፈው፣ አክችዋሪም አክቱዋሪም እያሉ የሚጽፉ አሉ፣ ግን አፍ ላይ ያለው የመጀመሪያው ነው። «ሞት ቆጣሪ» ያለውን ሰውዬ ደግሞ በስም አትጥቀሰው።