ችሎት ውስጥ ካሜራና ስልክ፦ ለጠየቃችሁኝ መልስ

ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ማርቆስ ነው የምኖረው፤ ለዓመታት ችሎት ስዘግብ ቆይቻለሁ። የጠየቃችሁኝን በየተራ ልመልስ።

ጥያቄ፣ ከቡሬ፦ ችሎት ለሕዝብ ግልጽ ነው ይባላል። ታዲያ በር ላይ ስልኬን ለምን ተቀበሉኝ?

ወንድሜ፣ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 በግልጽ ችሎት የመዳኘትን መብት የሚሰጠው ለተከሳሹ ነው፤ ሰው እያየው እንዲዳኝ። ስለዚህ ገብተህ ትሰማለህ፣ ማስታወሻም ትይዛለህ። መቅረጽ ሌላ ነው፤ ሥርዓቱን የሚያስከብረው ዳኛው ስለሆነ ያለ ፈቃዱ አይቀረጽም። አያቶቻችን በላ ልበልሃ ሲሟገቱ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ይሰማ ነበር። ሰምቶ ይሄዳል እንጂ የምስክሩን ፊት ይዞ አገር አያዞርም።

ጥያቄ፣ ከደጀን፦ በድብቅ ድምፅ ብቀዳስ? ማን ይጎዳል?

ያየሁትን ልንገርህ። በአንድ የመሬት ክርክር እናት የሚሆኑ ምስክር ቆሙ። ፊት ወንበር ላይ የነበረ ወጣት ስልኩን ከጉልበቱ ቀና ሲያደርግ አዩት። ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳቡ፤ ድምፃቸው ወረደ። ዳኛው «እማማ፣ ከፍ አድርገው ይናገሩ» ቢሏቸው መልሳቸው «አላስታውስም» ብቻ ሆነ። ከግቢው ሲወጡ ግን ድንበሩን ከነዋርካው ከነጉድባው ሲዘረዝሩ ሰማኋቸው። ያን ቀን የተጎዳው እውነቱ ነው፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። የችሎትን ሥራ ማወክ ደግሞ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 449 እስከ አንድ ዓመት እስራት ወይም እስከ 3,000 ብር ያስቀጣል። የራስህ ጉዳይ ከሆነ የመዝገቡን ግልባጭ ጠይቅ።

ጥያቄ፣ ከፍኖተ ሰላም (ጀማሪ ጋዜጠኛ)፦ ፈቃድ እንዴት ልጠይቅ?

እህቴ፣ ችሎት ሊሰየም ሲል ካሜራ ተሸክመሽ አትድረሺ። ቀደም ብለሽ ማኅተም ያለው ደብዳቤ በሬጅስትራር (በፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት) በኩል አስገቢ፤ የመዝገቡን ቁጥር፣ ቀጠሮውን፣ ስንት ካሜራ እንደምታስገቢና ለስንት ደቂቃ እንደሆነ ጻፊ። የመጨረሻው ቃል የችሎቱ ዳኛ ነው። ካሜራው በትራይፖድ አንድ ቦታ ይቁም፣ ፍላሽ አይብራ። ማይክሮፎንሽን ጠበቃና ደንበኛው ከሚንሾካሾኩበት ጠረጴዛ አርቂው፤ ዳኞች ለዕረፍት ሲነሱም አጥፊው። ተከሳሽ ለጠበቃው የሚነግረው ለአንቺ ጆሮ አይደለም።

ጥያቄ፣ ከሞጣ (አንድ አባት)፦ የልጅ ጉዳይስ?

አባቴ፣ እሱ ጭራሽ አይነካም። ከ9 እስከ 15 ዓመት ያሉ ወጣት አጥፊዎች ጉዳይ በዝግ ነው የሚሰማው። ምስክሮችንም አዋጅ ቁጥር 699/2003 ይጠብቃል፤ ከመጋረጃ ጀርባ የሚመሰክር ሰው ድምፁም ቢሆን አይወጣም።

ጥያቄ፣ ከባሕር ዳር፦ አሜሪካኖች በቀጥታ ያስተላልፋሉ አይደል?

ሁሉም አይደሉም። በፌዴራል ፍርድ ቤቶቻቸው የወንጀል ችሎትን ፎቶ ማንሳትና ማሰራጨት እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ የተከለከለ ነው። የምናያቸው ብዙውን ጊዜ የየክፍለ ግዛቱ ችሎቶች ናቸው። እዚያም ቢሆን ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው በ1965 በቴሌቪዥን የታየ ችሎት ፍትሕ አዛብቷል ብሎ ኤስቴስ በተባለ ተከሳሽ ላይ የተሰጠውን ፍርድ ሽሯል፤ በ1981 ደግሞ ቻንድለር በተባለ ሌላ ተከሳሽ ጉዳይ ካሜራ በራሱ ሕገ መንግሥት አይጥስም አለ። እንግሊዞች በ1925 ሕግ ችሎት ውስጥ ፎቶ ማንሳትን ከልክለው፣ የጠቅላይ ፍርድ ቤታቸውን ክርክር ግን ከ2009 ጀምሮ ያሳያሉ። እዚያ የሚከራከሩት ጠበቆች ናቸው፤ የሚሸማቀቅ ምስክር የለም። ለእኔ ልክ የሚመስለኝ ይሄ ነው።

ጥያቄ፣ ከቢቸና፦ ከበር ውጭ፣ ካቴና ያጠለቀውን ሰው ብቀርጸው?

የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 27 የሰውን ምስል ያለ ፈቃዱ ለሕዝብ ማሳየትን ይከለክላል። አንቀጽ 28 ለሕዝብ ጥቅም ላለው ጉዳይ ወይም ለታዋቂ ሰው በር ይከፍታል። በሩ ቢከፈትልህም ሰውየው ገና አልተፈረደበትም። እኔ እጁን አላሳይም፤ ከወገብ በላይ እቀርጻለሁ፣ «ተጠርጣሪ» ወይም «ተከሳሽ» ብዬም እጽፋለሁ። ነጻ ከወጣም በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ርዝመት እዘግባለሁ።