«ነፃ ወኪል» ማን ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። የምሠራው ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ነው። ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ሌሊት እየተነሣን የአሜሪካውን የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ ኤንቢኤን፣ እናያለን፤ ጠዋት ቢሮ ስንገባ ደግሞ እንጨቃጨቃለን። እሱ «ፍሪ ኤጀንት»ን፣ ማለትም ውሉ አልቆ ወደፈለገው ክለብ መሄድ የሚችለውን ተጫዋች፣ «ነፃ ወኪል» ይለዋል። ለኔ አይጥመኝም። እኔ ደግሞ «ሳላሪ ካፕ» የደመወዝ ጣሪያ ነው፣ ስለዚህ አንድ ተጫዋች ከዚያ በላይ አያገኝም እላለሁ። እሱ ይስቅብኛል። ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን የሚመርጡበትን «ድራፍት»ንማ ሁለታችንም ምን ብለን እንደምንጠራው አናውቅም። ይፍረዱን፤ የተሸነፈ ይጋብዛል።

መልስ፦ ከድራፍቱ ልጀምር። ባለፈው ቅዳሜ ለገሃር አካባቢ ከአንድ ወዳጄ ጋር ተቀምጬ ነበር። አጠገባችን ሁለት ወጣቶች የቅርጫት ኳስ ወሬ ይዘዋል። አንደኛው ጮክ ብሎ «የዘንድሮው ድራፍት እኮ ደካማ ነው» አለ። አስተናጋጁ ትሪውን እንደያዘ ቆመ። «ምን ሆነ? አሁን እኮ ነው በርሜል የቀየርነው!» ልጆቹ በሳቅ ፍርስ አሉ። እሱ ግን አልሳቀም። ብርጭቆውን አንሥቶ ወደ መብራቱ አድርጎ አየው።

አስተናጋጁ አልተሳሳተም። አዲስ አበባ ውስጥ ድራፍት በጃምቦ የሚቀርብ ቢራ ነው። ቢሮ ውስጥ ደግሞ ገና ያልተፈረመበት ደብዳቤ ነው፤ «ድራፍቱን ላክልኝ» እንባባላለን። የእንግሊዝኛው ቃል ሥሩ «መሳብ» ነው። ቢራው ከበርሜል ይሳባል፣ ወታደሩ ከሕዝብ መሀል ይሳባል፣ ተጫዋቹም እንደዚያው።

የተጫዋቾቹን ድራፍት አንዳንዱ ሰው «ምልመላ» ይለዋል። አይሆንም። በምልመላ ክለቡ የፈለገውን ልጅ ሜዳ ለሜዳ እየዞረ ያሳድዳል። በድራፍት ግን ተራውን ይጠብቃል። ተራው ሲደርስ ከቀሩት አንዱን ይጠራል፤ የተጠራው ልጅም እዚያው ሊግ ውስጥ ከሌላ ክለብ ጋር ልደራደር ማለት አይችልም። የአሜሪካን ፉትቦል ሊግ የሆነው ኤንኤፍኤል ይህን እ.ኤ.አ. በ1936 ፊላደልፊያ ላይ ሲጀምር ሐሳቡ የተሸነፈው ቀድሞ ይምረጥ የሚል ነበር። በነገራችን ላይ የመጀመሪያው ተመራጭ ጄይ በርዋንገር በሊጉ አንድም ጨዋታ አልተጫወተም።

«የተራ ምርጫ» ብንልስ? «ተራ» ይከዳናል፤ እዚህ ግባ የማይባል ምርጫ ይመስላል። ነገሩን ግን ሰፈራችን ድሮም ያውቀዋል። ሁለት አምበሎች ይቆማሉ። ሳንቲም ይወረወራል፤ ዘውድ ወይስ ጎፈር? ከዚያ አንዱ አንድ ይጠራል፣ ሌላው አንድ ይጠራል። መጨረሻ ላይ የሚቀረው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ስታብራራ «ተራ በተራ መምረጥ» በል። ለስሙ «የኤንቢኤ ድራፍት» ይበቃል። የሊጉ ስም ከፊቱ ካለ የትኛውም አስተናጋጅ አይከፋም።

ኤንቢኤ ከ1985 ጀምሮ ማን ቀድሞ እንደሚመርጥ የሚለይበትንም «ሎተሪ» አትበለው፤ «ዕጣ» በለው። ሎተሪ ሲባል ገንዘብ ይታየናል። እዚያ የሚወጣው እንደ ዕቁብ ተራ ነው። ልዩነቱ፣ በውድድሩ የደከመ ቡድን ዕድሉ ሰፋ ይላል።

አሁን ወደ ጭቅጭቃችሁ። «ነፃ ወኪል» ስህተት ነው። ወኪል በአማርኛ በሌላ ሰው ስም የሚሠራ ነው። ውክልናውን ይዞ ፍርድ ቤት ይቆማል፣ ቤት ይሸጣል። ተጫዋቹ ደግሞ የራሱ ወኪል አለው። እንግዲህ «ነፃ ወኪሉ ከወኪሉ ጋር ተማክሮ ፈረመ» ልንል ነው? የእንግሊዝኛው «ኤጀንት» እዚህ ላይ የራሱን ጉዳይ ራሱ የሚወስን ሰው ማለት ነው፤ የኛ «ወኪል» ያንን ትርጉም አይሸከምም።

«ነፃ ተጫዋች» ይሻላል፤ እሱንም ግን በጥንቃቄ። አንዲት «በ» ትርጉሙን ገልብጣው ቁጭ ትላለች። «ነፃ» ሲሆን አዛዥ የሌለበት ነው። «በነፃ» ሲሆን ያለ ክፍያ ነው። የስፖርት ወሬ ላይ ሁለቱ ይደባለቃሉ። ኪሊያን ምባፔ በ2024 ከፓሪስ ሪያል ማድሪድ ሲገባ «በነፃ መጣ» ተባለ። ለቀድሞ ክለቡ የዝውውር ሒሳብ አልተከፈለም ማለት እንጂ፣ ልጁ በነፃ ይጫወታል ማለት አይደለም!

የነፃ ተጫዋች ነገር ሲጀመር ደግሞ ጥያቄው ገንዘብ አልነበረም፤ ነፃነት ነበር። በአሜሪካ ቤዝቦል ውልህ ቢያልቅም ክለብህ አይለቅህም ነበር። በ1969 ከርት ፍለድ የሚባል ተጫዋች ከሴንት ሉዊስ ወደ ፊላደልፊያ ተሸጋግረሃል ሲባል እንቢ አለ። እንደ ዕቃ የምገዛ የምሸጥ ሰው አይደለሁም ብሎ ለሊጉ ኃላፊ ጻፈ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1972 ተሸነፈ። በሩ የተከፈተው ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ሌሎች ሁለት ተጫዋቾች በግልግል ዳኛ ሲረቱ ነው። አውሮፓ ደግሞ የቤልጅጉን እግር ኳስ ተጫዋች ዣን ማርክ ቦስማንን ጠበቀች። በታኅሣሥ 1995 የአውሮፓ ፍርድ ቤት ውሉን ለጨረሰ ተጫዋች ክለብ ሒሳብ መጠየቅ አይችልም አለ።

ስለዚህ እኔ የምመርጠው «ውሉን የጨረሰ ተጫዋች» ነው። ይረዝማል፤ ግን ማንንም አያደናግርም። ከኛው «መልቀቂያ» ጋርም አይምታታ። መልቀቂያ ሰጪ አለው፣ ይለመናል። ውል ግን ራሱ ያልቃል። የቀድሞ ክለቡ ሌላው ያቀረበለትን ከፍሎ ማስቀረት የሚችል ከሆነ ደግሞ፣ ከሕግ ሰዎች ተውሰን ክለቡ «የቀዳሚነት መብት» አለው እንበል።

ጣሪያው ላይ ግን ተሸንፈሃል፤ አልፈርድብህም። የመንግሥት ሠራተኛ «ጣሪያ ደረስኩ» ሲል የራሱን ደመወዝ ማለቱ ነው። የእግር ኳስ ፌዴሬሽናችንም በ2011 ዓ.ም. ክረምት 50 ሺህ ብር ጣሪያ ሲያወጣ የአንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ ላይ ነበር። ጆሯችን የለመደው ይህንን ነው። የአሜሪካው «ካፕ» ግን የቡድኑ ሁሉ ድምር ነው። በ2024–25 የኤንቢኤው ከ140 ሚሊዮን ዶላር ትንሽ ከፍ ይል ነበር። ተጫዋቹ ስቴፈን ከሪ ብቻውን ከ55 ሚሊዮን በላይ ወስዷል። የቀረው ለሌላው ነው። ለአንድ ሰው የተቀመጠው ገደብ ሌላ ነው፤ እሱን «የተጫዋች ከፍተኛ ደመወዝ» በለው። ድምሩን ግን «የቡድን የደመወዝ ጣሪያ»። ያቺ «የቡድን» እንዳትቀር።

የኤንኤፍኤል ጣሪያ ጥብቅ ነው። የኤንቢኤው ቀዳዳ አለው፤ ለምሳሌ የራስህን ተጫዋች ለማቆየት ልታልፈው ትችላለህ፣ በጣም ካለፍክ ቅጣት መሰል ግብር ትከፍላለህ። ይህንን «ለስላሳ ጣሪያ» ብለው የተረጎሙ አይቻለሁ። እባካችሁ! ለስላሳ እኛ ዘንድ በጠርሙስ የሚመጣ ነው። «ላላ ያለ ጣሪያ» በቂ ነው።

ውርርዱስ? «ወኪል» ላይ የተረታው ጓደኛህ ነውና ድራፍቱን እሱ ይክፈል። ለስላሳው ባንተ ነው።