ልጅየው ምን አጠፋ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ነው። ባለፈው ቡና እየጠጣን አንድ ጓደኛዬ የሮም ንጉሠ ነገሥት የነበረው አውግስጦስ ቄሳር የገዛ የልጅ ልጁን ደሴት ላይ አግዞ አስገደለው ብሎ ድርቅ አለ። እውነት ነው? ልጁስ ምን አጥፍቶ ነው?

መልስ፦ ማጋዙን አግዞታል። ልጁ አግሪጳ ፖስቱሙስ ይባላል፤ ፖስቱሙስ የተባለው አባቱ ከሞተ በኋላ ስለተወለደ ነው። ሁለቱ ታላላቅ ወንድሞቹ በወጣትነታቸው ሲቀጠፉ አያቱ በፈረንጆቹ 4 ዓ.ም. እሱንና የእንጀራ ልጁን ጢባርዮስን በአንድ ቀን ልጆቼ ናችሁ አላቸው። ብዙም አልቆየ፣ በ7 ዓ.ም. ፕላናሲያ የምትባል ትንሽ ደሴት ላይ ወታደር ይጠብቀው ጀመር።

ጥፋቱ? ቁጡ ነው፣ ባለጌ ነው ተባለ። ዓሣ ሲያጠምድ እየዋለ ራሱን ኔፕቱን፣ ማለትም የባሕር አምላክ፣ ብሎ ይጠራ ነበርም ይላሉ። (ዓሣ ማጥመድ የሚያስግዝ ቢሆን ስንቱ ይጋዝ ነበር!) የተረጋገጠ ወንጀል ግን የለበትም። ብዙዎች የጠረጠሩት የአውግስጦስን ሚስት፣ የጢባርዮስን እናት ሊቪያን ነው፤ ዙፋኑ ለልጇ እንዲሆን ብላ ነው ይላሉ፤ እኔም ከነሱ ጋር ነኝ።

ግድያው ላይ ነው ጓደኛህ የቸኮለው። ልጁ የተገደለው በ14 ዓ.ም.፣ ሽማግሌው ዓይኑን እንደከደነ ነው። መሣሪያ ባይኖረውም ለመቶ አለቃው በቀላሉ አልተንበረከከለትም። መቶ አለቃው ያዘዝከኝን ፈጽሜአለሁ ብሎ ሲመጣ ዙፋኑን የወረሰው ጢባርዮስ እኔ አላዘዝኩም አለ። ማን አዘዘ የሚለው እስካሁን ያከራክራል፣ እናንተም በሚቀጥለው ቡና ቀጥሉበት።