ለጓሳ ጉዞ የትኛው ከሰል ይሻላል?

እህቴ፣ «ለሁለት ሌሊት ጓሳ ልናድር ነው፤ ለምትታጠፈው የሥጋ መጥበሻችን የግራር ከሰል ይሻላል ወይስ የባሕር ዛፍ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ከደብረ ብርሃን ተነሥቼ ሦስት ጊዜ ሄጄበታለሁና የደረሰብኝን ልንገርሽ።

1. የግራሩን ያዢ። ክብደት አለው፣ ፍሙም ይቆያል። የባሕር ዛፉ ቶሎ ይያያዛል፤ ግን ሥጋው ሳይበስል አመድ ይሆናል፣ ይንጣጣልም። ጓሳ ደግሞ ስሙም ምድሩም ሣር ነው፤ የመንዝ ሰው ለዘመናት ደንብ አውጥቶ የጠበቀውን ሣር በአንድ ብልጭታ ማቃጠል ነውር ነው። ለስድስት ሰው ግማሽ ጆንያ ተርፎናል።

2. የጆንያውን አፍ ብቻ አይተሽ አትግዢ። ትልልቁ ከላይ ይደረደራል፣ ከሥር ብናኝና አፈር ነው። ከመሀል አንዱን አውጥተሽ ስበሪው። የበሰለ ከሰል ሲሰበር እንደ ሸክላ ይጮኻል፣ እስከ ውስጡም ጥቁር ነው፤ ቡናማ ከሆነ ጥሬ ነው። በመጀመሪያው ጉዞዬ ጥሬ የሸጠልኝን ነጋዴ ተመልሼ ብጠይቀው «ማን ግዛ አለህ?» ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ከዚያ ወዲህ ግን ከሰል በመምረጥ የሚያክለኝ የለም።

3. ነጭ ጋዝ አታርከፍክፊበት፣ ሽታው ሥጋው ላይ ይቀራል። ቦታው ከ3,200 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ከሰሉ በቀላሉ አይያያዝም፣ ነፋሱም ያስቸግራል። ደረቅ ጭራሮ ይዘሽ ሂጂ፣ በድንጋይም ከልይው። እኛም በሁለተኛው ጉዞ እንዲህ አድርገን ግሩም ፍም አወጣን። ወሩ ጥር ነበር፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ጥብሱን ከበላን በኋላ ያን የመሰለ ፍም ሜዳ ላይ ጥሎ መተኛት አሳዘነኝ። ጭስ የሚባል የለውም። «ሰውን የሚመታው ጥሬ ከሰል ነው፤ ይህ በስሏል» ብዬ በገዛ እጄ ድንኳን ውስጥ አስገባሁት፣ በሩንም ዘጋሁ።

ሌሊት ልጄ ሲያስመልስ ነቃሁ። ራሴ ሊፈነዳ ደርሷል፣ ልነሣ ብል ጉልበቴ እንቢ አለኝ። በዳዴ ሄጄ በሩን ከፈትሁት። ልጁ ባያስመልስ ኖሮ ማናችንም አንነቃም ነበር።

እህቴ፣ የመታን ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዛማ ጋዝ ነው፤ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ምርጥ ከሰልም ያወጣዋል፣ አመድ ለብሶ ሲከስምም ያወጣዋል። ጥሬው ቢሆን ኖሮ ጭሱ ዐይናችንን አቃጥሎ ያስወጣን ነበር። እኔን ያታለለኝ የከሰሉ ጥራት ነው። ጠዋት ሕክምና ስናደርሰው ካርድ የሚያወጣው ሰው «ድንኳን ውስጥ ከሰል? ተማርን ትላላችሁ!» እያለ ሰው ፊት ሰደበኝ፤ ልጄ ትከሻዬ ላይ ተዝለፍልፎ እያለ ወረፋ አስጠበቀኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አልክድም፤ ልጁ ግን ምን አጠፋ? አንዲት ነርስ አይታ ሮጣ መጣች፤ ኦክስጅን አድርጋለት ዳነ። እግዚአብሔር ይስጣት።

በሦስተኛው ጉዞ ማንደጃውን ከድንኳኑ ሃያ እርምጃ አራቅሁት። ውኃ አፍስሼ፣ በእንጨት አገላብጬ፣ ደግሜ አፈሰስሁበት፤ አመዱን በጣሳ ይዤ ተመለስሁ። ለብርዱ ከመሀል ሜዳ ከተማ የመንዝ ባና (የሱፍ ብርድ ልብስ) ግዙ፣ ሙቅ ውኃም በጠርሙስ ሞልተሽ እግራቸው ሥር አድርጊላቸው። ልጆቹ ሌሊት «በረደን፣ እሳቱን አስገቢልን» ብለው ቢያለቅሱብሽም እንዳታስገቢው።