ፀሐይ፣ ዝናብና አንድ የጠፋ ደብተር

ሰሞኑን አንድ ተማሪ «ጋሼ፣ ምድር የምትሞቀው ፀሐይ ስለጋለች አይደል?» ብሎ ጻፈልኝ። መልሱ አጭር ነው፤ አይደለም። ጥያቄው ግን የቆየ ጸጸቴን ቀሰቀሰብኝ።

ሥራ ስጀምር አንድ ትልቅ ሰው ቢሯችን ነበሩ። ዝናብ መዝጋቢ ናቸው። ጠረጴዛቸው ላይ ወፍራም ደብተር አለ። በግራ ገጽ የየዓመቱ ዝናብ፣ በቀኝ ገጽ ፀሐይ ላይ የታዩት ጥቋቁር ነጠብጣቦች ብዛት። የድርቅ ዓመቶችን በቀይ ቀለም ይጽፏቸዋል። ነጠብጣቦቹ በ11 ዓመት ገደማ እየበዙና እያነሱ ይመላለሳሉ፤ ይህን ጀርመናዊው ሽዋቤ እ.ኤ.አ. በ1843 ደርሶበታል። እሳቸው ደግሞ ድርቅም ይህንኑ ዙር ይከተላል ባይ ነበሩ። ሻይ ሰዓት ላይ ደብተሩን ገልጠው «እየው፣ እዚህ ጋ ገጠመ!» ይሉኛል። ድምፃቸው አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

አላምናቸውም ነበር። የቪክቶሪያ ሐይቅን ታሪክ አንብቤያለሁ። እንግሊዛዊው ብሩክስ እ.ኤ.አ. በ1923 የሐይቁ ከፍታ ከነጠብጣቦቹ ጋር አብሮ እንደሚወጣና እንደሚወርድ አሳየ፤ ግጥምጥሞሹ ዓይን ይስብ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ፈረሰ።

ከዚያ ሰውየው ጡረታ ወጡ፣ መሥሪያ ቤቱም ሕንፃ ቀየረ፣ ደብተሩ ከአሮጌ ወረቀት ጋር ተጣለ። የቀኝ ገጹ ቢቀር ግድ የለኝም። የግራ ገጹ ግን ከሩቅ ጣቢያዎች በደብዳቤ እየለመኑ ለዓመታት የለቀሙት ዝናብ ነበር፤ አንዳንዱ ጣቢያ ኋላ ተዘግቷል፣ ያ ቁጥር ዛሬ የትም የለም። አንዳችንም ልገልብጠው አላልንም። ይሄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ወደ ጥያቄው ልመለስ። ሳተላይቶች እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ ፀሐይን ይለካሉ። ወደ እኛ የምትልከው ጉልበት በካሬ ሜትር 1361 ዋት አካባቢ ነው፤ በዙሩ ጫፍና ግርጌ መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ዋት ብዙም አይርቅም። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ወዲህ ፀሐይ አልጨመረችም፣ ምድር ግን ሞቃለች። ደግሞ ጥፋቱ የፀሐይ ቢሆን ኖሮ ላይኛው አየርም፣ ስትራቶስፌር የምንለው፣ በሞቀ ነበር። እሱ እየቀዘቀዘ ነው። ይህ ደግሞ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ምልክት ነው።

ፀሐይ ምንም አታደርግም ማለቴ እንዳይመስላችሁ። አልትራቫዮሌቷ ከብርሃኗ ይበልጥ ይለዋወጣል፣ የኦዞንን ንብርብር ያሞቃል፣ በዚያም በኩል ነፋሶችን ሊነካ ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ1645 እስከ 1715 ነጠብጣቦቹ ሊጠፉ ምንም አልቀራቸውም ነበር፤ አውሮፓም ያኔ ብርድ ላይ ነበረች። ግን ብርዱ ቀድሞ የጀመረ ነው፣ እሳተ ገሞራም እጁ አለበት። ስለዚህ ሽማግሌው ጭራሽ ተሳስተው ነበር ለማለት አሁን አሁን አልደፍርም።

እናንተ ልጆች አንድ የቲክቶክ ቪዲዮ አይታችሁ ትደመድማላችሁ፤ ያናድደኛል። እኛ በእጅ ወራት የፈጀንበትን ስሌት ደግሞ በአንድ ምሽት ትጨርሳላችሁ፤ በዚህ እቀናባችኋለሁ።

እ.ኤ.አ. ከ1749 ጀምሮ ያለው ወርሃዊ የነጠብጣብ ቆጠራ ብራስልስ ካለው የቤልጅየም ንጉሣዊ ኦብዘርቫቶሪ በነጻ ይወርዳል። የአካባቢያችሁን ዝናብ ፈልጉና ጎን ለጎን አስቀምጡት። ዓመታቱን ግን መጀመሪያ ለሁለት ክፈሏቸው። በፊተኛው ግማሽ የገጠመ ነገር ካገኛችሁ በኋለኛው ፈትኑት፤ እዚያም ከቆመ ጻፉልኝ።