የምንጊዜም ታላቁ ራፐር ማን ነው? ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ስለ ሂፕሆፕ ታላላቆች የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ የጥያቄ መዓት መጣ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ከጥያቄ ይልቅ ስድብ የላካችሁም ደርሶኛል፣ አመሰግናለሁ።

ጥያቄ፦ ዙሪያ ጥምጥም አትሂድብን። አንድ ስም ጥራ።

ራኪም።

ጥያቄ፦ ራኪም ደግሞ ማነው? ቱፓክ እያለ?

በብዛት የመጣው ጥያቄ ይሄ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልስ። ሂፕሆፕ ተወለደ የሚባለው ኦገስት 11 ቀን 1973 ነው። ቦታው ኒውዮርክ፣ ብሮንክስ፣ ሴጅዊክ ጎዳና ላይ ያለ የመኖሪያ ሕንፃ፤ ድግሱን ያጫወተው ደግሞ ዲጄ ኩል ኸርክ። በዚያን ጊዜ ንጉሡ ዲጄው ነበር። ማይክ የያዘው ሰው ሥራው ጨፋሪውን ማሟሟቅ ነው። ቀስ በቀስ ተገለባበጠና ባለ ማይኩ ፊት መጣ። አካሄዱ ግን ለረጅም ጊዜ ያው ነበር፤ ጮክ ብለህ ትናገራለህ፣ መስመሩ መጨረሻ ላይ ቤት ትመታለህ፣ ወደሚቀጥለው ታልፋለህ። የዚያን ዘመን ቡድን ረን ዲኤምሲን የሰማ ሰው የምለው ይገባዋል።

1986 ላይ ከሎንግ አይላንድ አንድ የ18 ዓመት ልጅ ብቅ አለ። አክስቱ ዝነኛዋ ዘፋኝ ሩት ብራውን ናት። እሱ ራሱ ሳክስፎን ይጫወት ነበር፤ ጆን ኮልትሬንን እየሰማ ነው ያደገው። ይህ ልጅ አይጮህም። ረጋ ብሎ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ነው የሚናገረው። ቤት የሚመታው መጨረሻ ላይ ብቻ አይደለም፤ መሃል ላይም ይመታል፣ አንዳንዴ በአንድ መስመር ሦስት ጊዜ። ሐሳቡ መስመሩ ስላለቀ አያልቅም፣ ወደሚቀጥለው ይሻገራል። በ1987 ከኤሪክ ቢ ጋር «ፔይድ ኢን ፉል» የተባለውን አልበም ሲያወጡ፣ ከዓመት በፊት አሪፍ የነበረው ሁሉ በአንድ ጊዜ ያረጀ መሰለ።

የኔ መለኪያ ይሄ ነው። ከሰውየው በፊት የነበረውን ራፕና ከእሱ በኋላ የመጣውን አከታትለህ ስታጫውት፣ ልዩነቱ ሙዚቃ ለማያውቅ ሰው ሳይቀር ይሰማዋል ወይ? በራኪም ይሰማል። ራፐሩ ናስ በ2004 አልበሙ ላይ ስለ ራኪም ሕይወት ብቻ የሚያወራ ሙሉ ዘፈን መሥራቱ ያለ ምክንያት አይደለም።

ጥያቄ፦ እሺ፣ ቱፓክንስ የት ልታደርገው ነው?

ልብ ላይ። ከምር ነው። ባልቲሞር የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ትወናና ግጥም የተማረ ልጅ ነው፤ ያ ትምህርት ድምፁ ውስጥ ይሰማል። እናቱ አፌኒ ሻኩር ለጥቁሮች መብት የታገለው የብላክ ፓንተር ድርጅት አባል ነበረች። ለእሷ የሠራውን «ዲር ማማ» የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2010 ለትውልድ ከሚጠበቁ ቅጂዎች ተርታ አስገብቶታል። 1995 ላይ እሱ እስር ቤት ሆኖ አልበሙ በአሜሪካ ሽያጭ አንደኛ ወጥቷል። በሴፕቴምበር 1996 ሲሞት ገና 25 ዓመቱ ነበር።

ግን ቱፓክን የምንወደው በምንድን ነው? ሲቆጣ አብረን ስለምንቆጣ፣ ሲያለቅስ ስለምናምነው። የቃላቱ አሰካክ ራሱ አዲስ ስለሆነ አይደለም። «ታላቁ ሰው ማን ነበር» ብትሉኝ ክርክር የለኝም። የተጠየቅኩት ስለ ራፐር ነው።

ጥያቄ፦ ብዙ የሸጠ ይበልጣል። ድሬክ ጨዋታውን ጨርሶታል።

ሽያጭ ብቻውን ቢፈርድ ኖሮ እዚህ ባልተሰበሰብን ነበር። ድሬክ ቢልቦርድ ሆት 100 በተባለው የአሜሪካ የዘፈኖች ደረጃ ሰንጠረዥ ላይ ብዙ ዘፈን በማስገባት ማንም የማይደርስበት ነው፤ ዜማ የመፍጠር ችሎታውንም አልክድም። ነገር ግን በ2015 ራፐሩ ሚክ ሚል «ግጥሙን ሰው ይጽፍለታል» ብሎ ሲከሰው ጉዳዩ ለምን እንዲያ እንደጮኸ አስቡት። ፖፕ ዘፋኝ ግጥም ቢያጽፍ ማንም ዞር ብሎ አያይም። ራፐር ሲሆን ግን ክብሩ ያለው እዚያው ላይ ነው።

ከዚያ 2024 መጣ። ራፐሩ ኬንድሪክ ላማር ከድሬክ ጋር በዘፈን ሲሰዳደቡ ድሬክን የሚወርፈውን «ኖት ላይክ አስ»ን ለቀቀ፤ በቀጣዩ ፌብሩዋሪ ዘፈኑ አምስት ግራሚ ወሰደ። በሳምንቱ ደግሞ ኒው ኦርሊንስ ላይ የአሜሪካን ፉትቦል ፍጻሜ የሆነውን የሱፐር ቦውልን የእረፍት ሰዓት መድረክ ያዘ። ድሬክ ያንን ጦርነት አሸነፈ የሚል ካለ እጁን ያውጣ።

ጥያቄ፦ ኬንድሪክ ከሁሉም ይበልጣል የምንልበት ቀን ይመጣል?

ሊመጣ ይችላል። «ዳም» በተባለው አልበሙ በ2018 የፑሊትዘር የሙዚቃ ሽልማትን አግኝቷል፤ ከክላሲካልና ከጃዝ ውጭ ይህን ያገኘ ከእሱ በፊት አልነበረም። ለእኔ ግን ሽልማቱ ሳይሆን ድምፁን መቀያየሩ ነው የሚገርመኝ። በአንድ ዘፈን ውስጥ ሦስት ሰው ይሆናል። በዚህ በኩል መምህሩ የኒውዮርኩ ራፐር ቢጊ (ኖቶሪየስ ቢ.አይ.ጂ.) ነው፤ ቢጊም የሁለት ሌቦችን ንግግር ብቻውን ይጫወት ነበር። ቢጊ በ24 ዓመቱ ባይገደል ኖሮ የዛሬው መልሴ ሌላ ሊሆን ይችል ነበር።

ጥያቄ፦ ሴቶችን ረሳሃቸው።

አልረሳሁም፣ ጠያቂ እየጠበቅኩ ነበር። ሮክሳን ሻንቴ በ1984 ገና በ14 ዓመቷ በአንድ የመልስ ዘፈን የራፐሮችን ጦርነት አስነስታለች። ሎሪን ሂል ደግሞ በ1999 በአንድ ምሽት አምስት ግራሚ ወስዳለች፤ አልበሟ የዓመቱ ምርጥ አልበም የተባለ የመጀመሪያው የሂፕሆፕ ሥራ ነው። ችግሩ ከዚያ ወዲህ ሌላ የስቱዲዮ አልበም አለመልቀቋ ነው። ሦስት ብታወጣ ኖሮ ይህ ሁሉ ወሬ አያስፈልግም ነበር።

ጥያቄ፦ ኒፕሲ ሐስልን ለምን አትጠራውም? የኛው ልጅ አይደል?

አባቱ ኤርትራዊ ነው፤ ወላጆቹ ያወጡለት ስም ኤርሚያስ አስገዶም ነው። በ2018 የወጣው «ቪክቶሪ ላፕ» ግሩም አልበም ነው፤ በማርች 2019 ሎስ አንጀለስ፣ በገዛ ሱቁ ደጃፍ ሲገደል ብዙዎቻችን የቤት ሰው የሞተብን ያህል ነው የደነገጥነው። ግን ለወገን ብዬ ከናስ ፊት አላሰልፈውም።

ጥያቄ፦ ከእኛ ሙዚቃስ የወሰደ አለ?

አለ። ናስና የሬጌው ዘፋኝ ዴሚያን ማርሊ በ2010 ያወጡት አልበም መክፈቻ «አዝ ዊ ኤንተር» የቆመው በሙላቱ አስታጥቄ «የግሌ ትዝታ» ላይ ነው። ሁለቱ ቃል በቃል እየተቀባበሉ ሲጋልቡበት ስሙት።

ጥያቄ፦ በአማርኛ የራኪምን ያህል መራፕ ይቻላል?

ይቻላል፣ ግን አማርኛ አንድ ወጥመድ አለው። ግሥ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ቤት መምታት በጣም ይቀላል። መጣ፣ ወጣ፣ ቀጣ እያልክ እስኪመሽ ልትቀጥል ትችላለህ። ብዙ ወጣት ራፐሮቻችን እዚያ ላይ ይሰንፋሉ። ግሡን መሃል አምጥቶ፣ በስም ቤት የሚመታ፣ ዓረፍተ ነገሩን ቢቱ (ምቱ) ላይ የሚሰብር ሰው ስሰማ ጆሮዬ ይቆማል። አሉ እንዲህ ዓይነት ልጆች። ስም አልጠራም፤ የቀረው ይቀየመኛል።

ጥያቄ፦ ጄይ ዚስ? ቢልቦርድና ቫይብ የተባሉት የሙዚቃ መጽሔቶች በ2023 አንደኛ ያሉት እሱን ነው።

ረጅም ዕድሜን ከቆጠርን ልክ ናቸው። ከ1996 ጀምሮ አለ። ግጥሙን ወረቀት ላይ ሳያሰፍር በጭንቅላቱ ይዞ ስቱዲዮ የሚገባ ሰው ነው። ለእኔ ሁለተኛ ነው። ሦስተኛ ናስ፣ አራተኛ ኬንድሪክ፣ አምስተኛ ቢጊ። ኤሚነም ስድስተኛ ነው፤ አድናቂዎቹ በስልክ እንዳትደውሉልኝ።

ጥያቄ፦ እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። ከየት ልጀምር?

ከ«ፔይድ ኢን ፉል»። ግጥሙን ለጊዜው ተወው፤ መጀመሪያ ድምፁ ከበሮው ላይ የት የት እንደሚያርፍ ብቻ ተከታተል። ቀጥለህ የናስን «ኢልማቲክ» ክፈት፤ የ1994 ነው፣ 40 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው የሚፈጀው። ሲወጣ ናስ 20 ዓመቱ ነበር። በሁለተኛው ዙር ግጥሙን ከፊትህ አድርገህ አብረህ አንብብ።